እንሶስላ የሞቀ ሽማግሌ

ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ የስፌት ቀለምና የሽመና ክር መሸጥ ከጀመርሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። መሶብና ሙዳይ የሚሰፉ ሴቶች አክርማቸውን የሚነክሩበት ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ወይን ጠጁም ከእኔ ሱቅ ነው የሚወጣው። ቀለም ስለማውቅ ትንሽ እኮራለሁ፤ «ትንሽ» ማለቴን ባለቤቴ ብትሰማ ትስቃለች። ባለፈው ኅዳር ደባርቅ ደርሼ ስመለስ ግን ደንበኞቼ ሁሉ ዕቃውን ትተው እጄን እጄን ማየት ያዙ። ለእያንዳንዳቸው ማስረዳት ስለ ሰለቸኝ፣ ነገሩም አሁን ቢወራ ጉዳት ስለሌለው፣ ያን አገር ላላየና ምናልባትም ለማያይ ሰው ጭምር ከመነሻዬ እስከ መመለሻዬ ያለውን እንዲህ ጽፌዋለሁ።

ዓርብ

የጠራችኝ ታላቅ እህቴ እትዬ ሙሉ ናት። ደባርቅ አግብታ፣ እዚያው ወልዳ፣ ባሏንም እዚያው ቀብራ የቀረች ሴት ናት። ያላት አንድ ልጅ ይታየው ዳባት ላይ ነርስ ነው። በስልክ የነገረችኝ አጭር ነበር።

«ይታየው አንዲት ልጅ ወዷል። አባት የለው፤ ከዘመድ የሚቆምለት አንተ ብቻ ነህ። እሑድ ሽማግሌ ሆነህ ትሄዳለህ። መልስ እስክናገኝ ድረስ ለአንድም ሰው ትንፍሽ እንዳትል።»

«ለባለቤቴስ?»

«ለእሷም።»

ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ስለ ነበር እሷን አልቆጠርኋትም።

በጠዋት ተነሥቼ ጎንደር ደረስሁና ሚኒባስ ቀየርሁ። ባዶ እጄን ላለመሄድ ለእህቴ ጎረቤቶች የሚሆኑ ጥቂት የቀለም እሽጎች በፌስታል ቋጥሬ ነበር። ከጎንደር በኋላ መንገዱ ወደ ላይ፣ አየሩ ወደ ብርድ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ኅዳር ማለት ማታ ማታ በሸሚዝ ሐይቅ ዳር የሚንሸራሸሩበት ወር ነው። በመኪናም ስንሄድ መስኮት ክፈቱ፣ ዝጉ እያሉ መጨቃጨቅ የመንገዱ ወግ ነው። እዚህ ጭቅጭቅ የለም፤ ሁሉም ዘግቶ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ይቀመጣል። እኔም ሁለት ሹራብ ደርቤ መልበሴን የጥንቃቄ ብዛት አድርጌ ነበር የቆጠርሁት፤ አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ሦስተኛውን ባለማምጣቴ ተቆጨሁ። በግራም በቀኝም ገብስ እየታጨደ ነው። ባቄላው ደርሶ ጠቁሯል። የቀረው ሁሉ ብጫ ነው፤ እኔ በዱቄት ላወጣው ብዙ የለፋሁበት ዓይነት ብጫ።

ዳባት ላይ አንዲት ሴት ነጭ ዶሮ ይዛ ተሳፈረችና ዶሮዋን እግሯን እንደታሰረች ከወንበሬ ሥር አስቀመጠቻት። እዚያው ሥር ፌስታሌም ነበር። ዶሮዋ መንገዱን ሙሉ ፌስታሉን ስትቦጭቅ ኖሯል፤ ዶሮ መኪና ላይ የምታደርገውንም አድርጋ ስለ ነበር ዱቄቱ ርጥበት አላጣም። ደባርቅ መናኸሪያ ስንወርድ የዶሮዋ ጭራና አንድ ክንፏ ወይን ጠጅ ሆኗል። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ ጨነቀኝ።

ሴትዮዋ ዶሮዋን አገላብጣ አየቻት። «ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል» አለች። «የጎረቤቴም ዶሮ ነጭ ናት። ያንቺ ናት፣ የኔ ናት እያልን ስንጣላ ነው የምንኖር። እንግዲህ የእኔዋ ትታወቃለች።» ትንሽ አሰበችና «እስቲ ይኸን አንዱንም ክንፍ ይቀቡልኝ» አለችኝ። መናኸሪያው መካከል ተቀምጬ ዶሮ ቀባሁ። የባጃጅ ሾፌሮች ከበው ይመለከቱ ነበር። ደባርቅ የገባሁት በዚህ ክብር ነው።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጬ የገብስ ቂጣ በአዋዜ ስበላ እትዬ ሙሉ የነገሩን ክብደት አስረዳችኝ። ልጅቱ ስመኝ ትባላለች። ዳባት ከተማ ታስተምራለች፤ የምትኖረው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር ከወላጆቿ ጋር ነው። አባቷ አቶ ማሩ ደግ ገበሬ ናቸው፤ አንድ ነገር ብቻ አይወዱም፤ ሳይጠየቁ እንደ ሰጡ መቆጠር። አምና የሌላ ሰው ሽማግሎች ሊለምኗቸው ሲመጡ፣ የልጁ ወገኖች ድንኳን ሊከራዩ እየዞሩ እንደሆነ አስቀድመው ሰምተው ነበርና «ሠርጋችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ እኔ ምን አደርግላችኋለሁ?» ብለው ከደጃቸው መለሷቸው። እህቴ ምስጢር ምስጢር የምትለው በዚህ ምክንያት ነው።

«እሷስ ልጅቱ ምን ትላለች?» አልሁት እኔን ብሎ ከዳባት መጥቶ አጠገባችን የተቀመጠውን ይታየውን።

«እንጃ ጋሼ። ተነጋግረናል።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ተማሪዎች ክትባት።»

እኔና እህቴ ሳቅን፤ እሱ አልሳቀም። የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ እሳቱን ያይ ነበር። አገር ምድሩን የሚወጋ ነርስ ለራሱ ነገር እንዲህ ሲፈራ ሳየው፣ ይህን ልጅ ሳላሳፍር መመለስ አለብኝ ብዬ ለራሴ ተናገርሁ።

ቅዳሜ

ይታየው ወደ ሥራው ወረደ፤ እኔ ገበያ ወጣሁ። የደባርቅ ቅዳሜ ገበያ ከባሕር ዳሩ ያንሳል፤ ጩኸቱ ግን አያንስም። ስፌት የሚሸጡት ሴቶች ተርታ ላይ ብዙ ቆየሁ። እኛ ዘንድ አረንጓዴ ነው የሚሄደው፤ እዚህ ሮዝ ይወዳሉ፤ ያውም ዓይን የሚያጥበረብረውን ሮዝ። ቀለሙን ከማን እንደሚገዙ ብጠይቅ «ከጎንደር ነጋዴ» አሉኝ። ያ ነጋዴ የሚገዛው ከእኔ ነው ብላቸው ተያዩ። አንደኛዋ በኋላ ቀስ ብላ «ታዲያ እርስዎ ምነው ጫማዎ እንዲህ አለቀ?» አለችኝ። ከበግ ጠጉር የተሠራ ቀይና ብጫ ቆብ ገዝቼ ጆሮዬን ሸፍኜ ተመለስሁ።

እጄ ግን አልተሸፈነም። የቀለም ነጋዴ እጅ ድሮም ደረቅ ነው፤ ያ የደባርቅ ብርድ ሲጨመርበት መዳፌ ተሰነጣጥቆ ደም ደም ይል ጀመር። እህቴ ቤት አልነበረችም። ከሽማግሎቹ አንዱ ከሆኑት ከአቶ ደሴ ጋር የነገውን ሰዓት ልትነጋገር ሄዳለች። በአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ እማማ አንጓች ሙቀጫ ይዘው አንዳች ነገር ይወቅጣሉ።

«እንግዳ፣ ምን እግር ጣለህ?» አሉኝ።

ምስጢሩ ትዝ አለኝ። «የቀለም ነጋዴ ነኝ እማማ፤ የአገራችሁን ቀለም ልይ ብዬ ነው» አልሁ። ውሸት አይባልም፤ ግማሹ እውነት ነው።

«እንግዲያ በደህና ቀን መጣህ። እንሶስላ ነው የምወቅጥ። የቀለም ሰው ሆነህ ይኸን ሳታይማ አትሄድም፤ ግባ።»

ገባሁ። እንሶስላን ለማያውቅ አንባቢ፦ ውኃ በማይለየው ሸለቆ ውስጥ የሚበቅል ባለ ነጭ አበባ ተክል ነው፤ ቀለሙ ያለው አበባው ላይ ሳይሆን መሬት ውስጥ ባለው ሥሩ ነው። ሥሩን ቆፍረው ያወጡታል፣ ያጥቡታል፣ ይወቅጡታል። ከዚያ ሴቶች እጅና እግራቸው ላይ አድርገው በቅጠልና በጨርቅ ጠቅልለው ያድራሉ። ይቀቡታል አይባልም፤ ይሞቁታል ነው የሚባለው። እኛ ዘንድም ሙሽራ ትሞቀዋለች፤ እኔ ግን የሴቶች ጉዳይ ነው ብዬ ቀርቤ አይቼው አላውቅም።

እማማ አንጓች ሲያስረዱኝ ዓይናቸው መዳፌ ላይ ወደቀ። «ይኸ እጅ ነው ወይስ ዝናብ ያጣ ማሳ?» አሉና ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። «ለንቃቃት ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም። ባለቤቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጨዳ በደረሰ ቁጥር መዳፋቸውን አስርላቸው ነበር።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ቀለም ልይ ብዬ የገባሁ ሰው ቀለሙን እንዴት እምቢ ልበል? ደግሞም በራሴ እውቀት ተማምኛለሁ። እኔ የማውቀው ቀለም ካልፈላ፣ ጨው ካልገባበት አይዝም። ይህ ቀዝቃዛ ነገር ነው፤ ትንሽ አቆይቼ በሳሙና እታጠበዋለሁ አልሁ። መዳፌ ላይ ወፍራም አድርገው ለጠፉት። እውነትም ሕመሙ ወዲያው ለቀቀኝ። ከዚያ ሁለቱንም እጄን በቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ በጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ በክር አጥብቀው አሰሩልኝ። ጎመን በአይብ አምጥተው፣ እጅ የለኝምና፣ እያጎረሱ አበሉኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ የጎረስሁበትን ቀን አላስታውስም። አመስግኜ፣ ሁለት እጄን እንደ ሁለት ጥቅል ይዤ ወደ እህቴ ቤት ተሻገርሁ።

መፍታት ባሰብሁ ጊዜ ነው ችግሩ የገባኝ። ሁለት እጁ የታሰረ ሰው የትኛውን በየትኛው ይፈታል? በጥርሴ ሞከርሁ፤ የእማማ አንጓች ቋጠሮ የዋዛ አይደለም፤ ተመልሼ ፍቱልኝ ማለት ደግሞ በእጃቸው ያጎረሱኝን ማሳዘን መሰለኝ። ስልኬ ጮኸ፤ እህቴ ናት። በክርኔ ጫንሁት፤ በአፍንጫዬም ሞከርሁ፤ ስልኩ አፍንጫ አይቀበልም። በኋላ እንደ ሰማሁት፣ አቶ ደሴ እራት ካልበላሽ አትሄጂም ስላሏት እዚያው አምሽታለች። እኔ እሷን እየጠበቅሁ እሳቱ ዳር ጋደም አልሁ። መዳፌ ሞቋል፣ ሆዴ ሞልቷል፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስትመጣም ጋቢዬን እስከ አንገቴ ለብሼ ስላገኘችኝ አልቀሰቀሰችኝም።

እሑድ

ክሩን የቆረጠችልኝ እህቴ ናት፣ ጠዋት፣ በቢላ። ቅጠሉንም አነሣችልኝ። መዳፌ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ ነው፤ ንቃቃቶቹ ደግሞ ከቀይ አልፈው ጠቁረዋል። እንደ ነጋዴ ካየሁት እንዲህ ያለ ቀለም በሕይወቴ ሸጬ አላውቅም።

እትዬ ሙሉ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። «አያሌው» አለች፣ «የሙሽራ እጅ ይዘህ ነው ለማሩ ሽማግሌ የምትሄድ?»

በሳሙና አሸን። በሎሚ አሸን። በአመድ፣ በአሸዋ፣ በበረኪናም ሞከርን፤ ቆዳዬ ነጣ፣ ቀለሙ ግን ከሥሩ ይበልጥ ደመቀ። እቀር ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። «ዘመድ ሳይቆምለት የባዕድ ሽማግሌ ብቻ ልላክ?» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያን ጊዜ ከልቤ አፈርሁ። እማማ አንጓች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ያዘልህ?» ብለው ሲጠይቁኝ እጄን አውጥቼ «በጣም ያዘልኝ እማማ» ከማለት በቀር ሌላ አማራጭ አልነበረኝም።

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ታረቀኝ መጡ፤ የእህቴ የንስሐ አባትና የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ናቸው። እጄን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «እግዚአብሔር ያውቃል፤ ጋቢህን ግን አትክፈት» አሉኝ። አቶ ደሴም መጡ፤ ወሬ ወዳድ፣ ተጫዋች ሰው ናቸው፤ እሳቸው እስከ ዳባት ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ሳቃቸውን አፍነው ሄዱ።

ዳባት ላይ ይታየው ቆሞ ይጠብቀናል። ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ እሱ የማይሄድበትን ጉዞ ሊሸኝ ጫማውን ጠርጎ መጥቷል። እጄን ሲያይ ምንም ሳይናገር ሮጠና የሐኪም ነጭ ጓንት ይዞልኝ መጣ። አጠለቅሁት። ቄስ ታረቀኝ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አቶ አያሌው፣ ልጅ ልንጠይቅ ነው ወይስ ልናዋልድ?» አሉ።

ጓንቱን አውልቄ መለስሁለት። ይታየው ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ በእግር ነው፤ በታጨደው ማሳ መካከል፣ በአንድ ጅረት ላይ ተሻግረን፣ የባሕር ዛፍ ጥግ ይዘን። ከሩቅ የስሜን ተራሮች ጫፍ ይታያል፤ ሰው ሁሉ ለእሱ ብሎ ከባሕር ማዶ የሚመጣበትን ነገር እኔ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ዓይኔ እጄን የሸፈነው ጋቢ ላይ ነበርና።

አቶ ማሩን ግቢያቸው ውስጥ፣ ሰንበት ቢሆንም ከብት ያፈረሰውን የገብስ ክምር በመንሽ ሲያቃኑ አገኘናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ቄሱን ተሳለሙ፣ አቶ ደሴን ጨበጡ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ እጄን በጋቢው ውስጥ እንደያዝሁ ጎንበስ ብዬ አለፍሁ። እጃቸው ባዶውን ቀረ።

«ቁጭ በሉ» አሉ።

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ቄስ ታረቀኝ። «ልጅዎን ስመኝን ለልጃችን ለይታየው በሕግ፣ በወግ እንዲሰጡን ልንለምን ነው የመጣን።»

አቶ ማሩ መንሹን ተደግፈው እኔን ያዩ ነበር። «እኒህ እንግዳ ማን ናቸው?»

«የልጁ አጎት ናቸው፤ ከባሕር ዳር ነው የመጡ።»

«እጃቸውን ምን ነካው? ደጄ መጥተው እጃቸውን አልሰጡኝም።»

አቶ ደሴ ቀደም ብለው «ቁርጥማት አለባቸው፤ ብርድ...» ማለት ጀመሩ። ቄሱ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። እኔ ጀግና አይደለሁም፤ ነገር ግን የቄስ ጆሮ ባለበት፣ በዚያ ልጅ ጉዳይ፣ በውሸት መጀመር አስፈራኝ። ጋቢዬን ከፈትሁና ሁለት መዳፌን ዘረጋሁላቸው።

አቶ ማሩ መንሹን ክምሩ ላይ ሰኩት።

«ሠርጉ መቼ ነበር?» አሉ።

«ምን ሠርግ ጌታዬ?»

«የሞቃችሁለት ነዋ። ጨርሳችሁ ነው እንዴ የመጣችሁ? እኔ ነኝ ያልሰማሁ?»

ንቃቃቱን፣ የጎረቤታችንን ደግነት፣ ምስጢሩን ላለማውጣት ቀለም ልይ ብዬ መግባቴን፣ ቋጠሮውን፣ ሁሉንም አንድ ላይ ተናገርሁት። ስናገረው ለራሴም እውነት አልመስል አለኝ። አቶ ማሩ ፊታቸው አልተፈታም።

ይህን ጊዜ የልጅቱ እናት ከቤት ወጡ። ማንንም ሳይጠይቁ እጄን ያዙና ወደ ብርሃን አዞሩት፤ መዳፌን በአውራ ጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«ማሩ፣ ይኸ የሠርግ አይደለም» አሉ። «የሠርግ ቢሆን የጣቱ ጫፍና ጥፍሩ ላይ ነበር የሚታሰር። ይኸውልህ ጥፍራቸው ነጭ ነው። መዳፍ መዳፉን ነው የያዘ፤ እንዲህ የሚያስሩት ለአጫጅ ነው።»

«ለሠርግ የሚሞቅ እግሩንም ይሞቃል» አሉ አቶ ማሩ። «እግራቸውን ልይ።»

አንባቢዬ፣ እኔ በባሕር ዳር ገበያ የተከበርሁ ሰው ነኝ። በአንድ እግሬ ቆሜ፣ የቄሱን ትከሻ ተደግፌ ጫማዬን አወለቅሁ። ካልሲዬ ላይ ባለቤቴ እንድጥለው ስንት ጊዜ የነገረችኝ ቀዳዳ ነበር፤ አውራ ጣቴ በዚያ ወጥቶ ለሁሉም ሰላምታ ሰጠ። ካልሲውንም አወለቅሁ። እግሬ እንደ ተወለድሁ ነው። ከቤቱ ውስጥ ሊታፈን ያልቻለ የወጣት ሴት ሳቅ ተሰማ። አቶ ደሴም የሚኒባሱን ሳቅ እዚያ ለቀቁት። አቶ ማሩ አልሳቁም፤ ግን ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸውም ትንሽ ሲነቃነቅ አይቻለሁ።

«አምኛችኋለሁ» አሉ። «ቢሆንም እንዲህ በሞቀ እጅ ለመጣ ሽማግሌ መልስ ብሰጥ፣ ያየ ሁሉ ማሩ ሳይጠየቅ ነው ልጁን የሰጠ ይላል። ዘመድም ላማክር። ቀለሙ ከእጅዎ ሲለቅ፣ ንጹሕ እጅ ይዛችሁ ተመለሱ። ያን ጊዜ እነግራችኋለሁ።»

እምቢም እሺም አልነበረም። ሳንቀመጥ ስንወጣ እናትየው «ንቃቃቱ ግን ንቃቃት ነው» ብለው ከደጃፍ ጠሩኝና መዳፌን ቅቤ ቀቡልኝ። ልመናችንን ይዞ የቆመ ቤት እጄን ሲያክምልኝ ጎንበስ ብዬ አመሰገንሁ።

ይታየው ያው የተውነው ቦታ ቆሟል።

«ምን አሉ?»

«ቀለሙ ሲለቅ ተመለሱ አሉ።»

«መቼ ነው የሚለቅ?»

«ሁለት ሳምንትም፣ ሦስትም ይፈጅ ይሆናል።»

«እሷስ?»

«አላየኋትም። ሳቋን ሰማሁ።»

«በምን ሳቀች?»

«በካልሲዬ።»

ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ ሊወስን አልቻለም፤ እኔም ልወስንለት አልቻልሁም። «አባትየው እሺ ቢሉ እንኳ፣ እሷ ሳትፈልገኝ ብወስዳት ምን ዋጋ አለው ጋሼ?» አለኝ። ሻይ ጋበዝሁት።

ሰኞ

እማማ አንጓች ለመንገድ የገብስ ዳቦ፣ ለባለቤቴም አንድ እቅፍ የእንሶስላ ሥር ሰጡኝ። መዳፌን አይተው «ለወር አይለቅም» አሉኝ በኩራት። እሳቸው ይህን ሲሉ እህቴ ወደ ጓዳ ገባች። ምን እንዳደረጉን አሁንም አያውቁም፤ እኔም መቼም አልነግራቸውም፤ ንቃቃቴ እኮ ድኗል።

ሚኒባሱ ዳባት ላይ ሰው ሊጭን ቆመ። ይታየው ሊሰናበተኝ ከመስኮቱ ሥር ቆሟል፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። ስለ እናቱ የጉልበት ሕመም እናወራለን፤ ሁለታችንም የምናስበው ሌላ ነው። ድንገት ልጁ ንግግሩን አቆመ። በትምህርት ቤቱ መንገድ አንዲት ቀጭን፣ እንደ አቶ ማሩ ረጅም ልጅ፣ ደብተሮች በክንዷ አቅፋ ወደ እኛ ትመጣለች። ሳቋን እንጂ ፊቷን አላውቅም ነበር፤ የይታየው ፊት ግን ማን እንደሆነች ነገረኝ።

መጥታ መስኮቱ ሥር ቆመች። ለእኔ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። «ደህና አደርህ ይታየው» አለችው፤ እሱ የመኪናውን መስኮት ያዘ። ከዚያ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር በመስኮቱ አቀበለችኝ። ስነካው ደረቅ ፍሬ ነው።

«እንዶድ ነው» አለች። «አባቴ ቀለሙ ሲለቅ ብለዋል አይደል። በረኪና አይሆንዎትም፣ ሎሚም አይሆንም። ይኸን ወቅጠው፣ አረፋውን ጠዋትና ማታ ይታጠቡበት።» ደብተሮቿን ወደ ደረቷ ሳበች። «ቶሎ ነው የሚያስለቅቅ።»

ደወል እንዳይደወልባት ፈጠን ፈጠን ብላ ሄደች፤ ዞራም አላየች። ይታየው መስኮቱን በሁለት እጁ ይዞ ቀርቷል። ረዳቱ በሩን እየደበደበ «ልቀቅ እንጂ ወንድም!» ሲለው ነው እጁን ያነሣው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዞሬ ባየው፣ መንገዱ መካከል ቆሞ፣ ለማን እንደሆነ ሳያውቅ ለሁሉም መኪና እጁን ያውለበልባል።

ሹፌሩ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ምሳ ብሎ አቆመ። ሌላው ተሳፋሪ ወደ ሽሮው ሲገባ እኔ በጓሮ ዞርሁና የምግብ ቤቱን ባለቤት ድንጋይና ውኃ ለመንኋት። አንድ እፍኝ እንዶድ ወቅጬ እጄን ነከርሁ። አረፋው ሲነሣ ንቃቃቱን አቃጠለኝ፤ ዓይኔ እንባ አመጣ፤ ግን አላቆምሁም። ሴትዮዋ ከጆግ ውኃ እያፈሰሰችልኝ መዳፌን አየች።

«ውይ፣ እንዲህ የያዘ እንሶስላ አይቼ አላውቅም» አለች። «ሰው ይኸን የመሰለ ነገር በገዛ እጁ ያስለቅቃል? በራሱ ጊዜ ቢለቅ ምን አለበት?»

ከደጅ የሹፌሩ ጥሩንባ ይጮኻል።

«ልጅቱ ቸኩላለች» አልኋት።